«ይገባሉ» ስንት ሰው ነው?

መካነ ሰላም የሚያስተምር አንድ ጓደኛዬ ባለፈው ክረምት የፊልም ስክሪፕቱን በቴሌግራም ላከልኝ። «ፎርማቱን ብቻ አስተካክልልኝ፤ አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ» ይላል መልእክቱ። ለአንድ ውድድር አስገብቶት «ፎርማት ያልጠበቀ» በምትል አንዲት መስመር ተመልሶበታል። ያነበበው ሰው ስንተኛው ገጽ ላይ እንዳቆመ፣ ያልተጠበቀው ነገር የቱ እንደሆነ የሚገልጽ ነገር የለም። የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ መስሎኝ እሺ አልኩ። ሁለት ወር ፈጀብን።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ያለሱ የምለው ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። እማ ዘሀራ ከመካነ ሰላም ወጣ ባለች የገጠር መንደር የሚኖሩ እናት ናቸው። ልጃቸው ሰዓዳ ጅዳ ሄዳለች። ስልክ ያላቸው ጎረቤታቸው ሸህ ይመር ናቸው፤ ኔትወርክ ያለው ደግሞ ከመንደሩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አረጋውያን በየሳምንቱ ጉሙን ሰንጥቀው ጉብታው ላይ ይወጣሉ፤ ስልኩን ይዘው ቁጭ ይላሉ። አንድ ሳምንት ስልኩ አይጠራም። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ነው። የደቡብ ወሎ ሰው ለሆነ አንባቢ ይህ ብዙም ልብ ወለድ አይመስልም፤ ዓረብ አገር የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። የጓደኛዬም እህት ሄዳለች። ይህን የምነግራችሁ «ይቺን መስመር አውጣት» ስለው ምን እየጠየቅሁት እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው።

ስለ ስክሪፕት አጻጻፍ በአማርኛ የሚሰጡትን የኢንተርኔት ትምህርቶች ካያችሁ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከአንድ ቦታ ነው። ኩሪየር ፎንት፣ መጠን 12፣ በግራ በኩል አንድ ኢንች ተኩል ኅዳግ፣ የገጸ ባሕርይ ስም በትልልቅ ፊደል፣ አንድ ገጽ ማለት አንድ ደቂቃ። እንደ ዳዊት ይደገማል። ለምን እንደሆነ የሚነግራችሁ ግን ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ በሥራዬ ምክንያት ለምን እንደተጻፈ የማላውቀውን ኮድ መንካት አልወድም፤ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ አያለሁ።

የመጣው ከጽሕፈት መኪና ነው። ኩሪየር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለአይቢኤም የጽሕፈት መኪና የተሳለ ፊደል ሲሆን ሁሉም ሆሄ እኩል ስፋት አለው። በመጠን 12 አንድ ኢንች ላይ ሁልጊዜ 10 ፊደል ይገባል። ስለዚህ ገጹ ዘወትር አንድ ዓይነት ይዘት ይይዛል፤ ገጽ መቁጠርም የፊልሙን ርዝመት በግምት መለካት ይሆናል። 110 ገጽ የያዘ አዘጋጅ ወደ 110 ደቂቃ የሚጠጋ ፊልም እንደያዘ ያስባል። የግራው ሰፊ ኅዳግም ወረቀቱ ተበስቶ ሲታሰር ጽሑፉ እንዳይዋጥ ነው። ሁሉም ምክንያት ነበረው።

ኩሪየር ውስጥ ግን «ሀ» የለችም። «ኩሪየር 12» ብላችሁ መርጣችሁ አማርኛ ስትጽፉ ኮምፒውተሩ ድምፁን አጥፍቶ ከሌላ ፎንት፣ ለምሳሌ ከኒያላ ወይም ከአቢሲኒካ፣ ፊደል ተበድሮ ያስቀምጥላችኋል። በእነዚህ ደግሞ «ነ» ጠባብ ናት፣ «ጨ» ሰፊ። እኩል ስፋት የሚባል ነገር የለም። የጓደኛዬን ስክሪፕት በሁለት ፎንት ብቻ ስሞክረው ሁለት የተለያየ የገጽ ብዛት ሰጠኝ፤ አንድም ቃል ሳይነካ። እንግዲህ የትኛው ነው የፊልሙ ርዝመት?

የባሰው የ«ትልልቅ ፊደል» ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ትምህርቱን የሚሰጡት ሰዎች «ስሙን በትልልቅ ፊደል ጻፉ» ብለው ያልፋሉ፣ ተማሪውም መጠኑን ወደ 18 ያሳድገዋል። ጓደኛዬም ያደረገው ይህንኑ ነበር። ስሞቹ እንደ ሱቅ ታፔላ ቆመዋል።

እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት በቃ ፕሮግራም ይሥራው ብዬ ነው። ፋውንቴን የሚባል የአጻጻፍ ደንብ አለ፤ እነ ጆን ኦገስትና ስቱ ማሽዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት። ስክሪፕቱን በተራ ጽሑፍ ትጽፋለህ፤ የቱ ስም፣ የቱ ንግግር፣ የቱ ድርጊት እንደሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ይለያል። እንዴት? ከላዩ ባዶ መስመር ያለው፣ ከሥሩ ጽሑፍ የሚከተለውና በሙሉ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ መስመር የተናጋሪ ስም ነው። ለእንግሊዝኛ ቆንጆ ሐሳብ። ለአማርኛ ራሴ ሁለት ዓይነት ሙከራ ጻፍኩ። የመጀመሪያው «ይህ መስመር ወደ ትልቅ ፊደል ሲቀየር ይለወጣል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አማርኛ አይለወጥም። ስለዚህ መስመር ሁሉ ስም ሆነ፤ ጉሙ ተናጋሪ፣ ጉብታው ተናጋሪ፣ ስልኩ ተናጋሪ። ሁለተኛው «በዚህ መስመር ውስጥ ትልቅ ፊደል አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የለም። ስለዚህ በመቶ ምናምን ገጽ ውስጥ አንድም ሰው ሳይናገር ቀረ። ብቻዬን ሳቅሁ።

የደንቡ ጸሐፊዎች ነገሩን አስቀድመው አስበውበታል። ከስሙ በፊት የ@ ምልክት፣ ከትዕይንቱ ርእስ በፊት ደግሞ ነጥብ ካስቀመጥክ ፕሮግራሙ መገመቱን ትቶ ያልከውን ይቀበላል። ሥራዬ በዚያ ተፈታ። ጥያቄው ግን አልተፈታም። ትልቁ ፊደል እዚያ የተቀመጠው የዓይን ሥራ እንዲሠራ ነው፤ ገጹን የሚያገላብጥ ሰው ማን እንደሚናገር ሳያነብ እንዲያይ። ይህን ችግር የእኛ ጸሐፊዎች ከጽሕፈት መኪና በፊት ፈትተውታል። እንደ ሳይንት ተድባበ ማርያም ያለ የቆየ ደብር አካባቢ ላደገ ሰው የብራና መጽሐፍ አዲስ ነገር አይደለም፤ የአምላክና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል፣ የቀረው በጥቁር። ፊደሉ ሳይለወጥ ስሙ ከሩቅ ይታያል። የታተሙት የአማርኛ ተውኔቶች ደግሞ ስሙን ጽፈው ሁለት ነጥብ አስከትለው ንግግሩን ያመጣሉ፤ ያም አንድ መላ ነው። እኛ ቀዩን በደማቅ ጽሑፍ ተካነው፤ መጠኑ ሳይነካ፣ ስሙ ብቻውን በመስመር መሐል። ማንም «ይህ ስህተት ነው» ሊለን የሚችልበት መጽሐፍ የለም፤ አማርኛን አስቦ የተጻፈ ደንብ ገና አላየሁምና።

እስካሁን ያልኩት ቀላሉ ነው። ፎንትና ኅዳግ ብቻ ቢሆን ኖሮ እውነትም የቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነበር።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «እማ ዘሀራ በሩን ይከፍታሉ። ይገባሉ።» ማን ነው የሚገባው? ከበር ውጭ ሸህ ይመርና የልጅ ልጃቸው ቆመዋል። እማ ዘሀራ ናቸው ወደ ቤት የሚመለሱት? ሸህ ይመር ብቻቸውን ናቸው? ወይስ ሁለቱም እንግዶች? አማርኛ ለአንድ የተከበረ ሰውና ለብዙ ሰው አንድ ዓይነት ግስ ነው የሚጠቀመው። ልብ ወለድ ውስጥ ይህ ችግር አይፈጥርም፤ አንባቢው ሦስት ገጽ ከተከታተለ ይገባዋል። ስክሪፕት ግን የሚነበበው በዚህ መንገድ አይደለም። የቀረጻው ቀን ሲወጣ ያችን ትዕይንት ብቻ ነጥሎ የሚያነብ ሰው አለ፤ ስንት ተዋናይ እንደሚጠራ የሚቆጥር፣ ስንት ልብስ እንደሚዘጋጅ የሚጽፍ። ለእሱ «ይገባሉ» ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ አይታወቅም።

መፍትሔው ግልጽ መሰለኝ። በድርጊት መግለጫው ውስጥ አንቱታውን እናውጣው፤ «ዘሀራ ትገባለች»፣ «ይመር ይቀመጣል»፤ በንግግሩ ውስጥ እንዳለ ይቆይ። በጣም ንጹሕ ነው። ጓደኛዬ ለሁለት ቀን አልመለሰልኝም። ከዚያ ደወለና «እናቴን አንቺ እያልኩ መቶ ገጽ አልጽፍም» አለኝ። ገጸ ባሕርይ ናት እኮ፣ እናትህ አይደለችም አልኩት። «ናት» አለኝ።

አሰብኩበት። የተሸነፍኩት በስሜት ብቻ አይደለም። እማ ዘሀራን የምትጫወተው ተዋናይ መጀመሪያ የምታገኘው ንግግሯን አይደለም፣ የድርጊት መግለጫውን ነው። «ትገባለች» ብሎ የጀመረ ገጽና «ይገባሉ» ብሎ የጀመረ ገጽ ሁለት የተለያዩ አካሄዶች ይሰጧታል። በእንግሊዝኛ ይህ መረጃ ከየት ይመጣል? ከዕድሜ ነው፤ ስሙ አጠገብ «60» ብለው ይጽፋሉ። አማርኛ በአንዲት ግስ ዕድሜን፣ ማዕረግንና የተራኪውን አቋም አንድ ላይ ይሰጣል። ይህን አውጥቶ መጣል ለፎርማት ሲባል ቋንቋን ማደንዘዝ ነው። ስለዚህ ሌላ ደንብ አወጣን፦ አንቱታው ይቆያል፣ ግን ባለቤት የሌለው ግስ አይጻፍም። «እማ ዘሀራ ይገባሉ።» ሁለት ከሆኑ «ሁለቱም» ትጨመራለች። በአንዲት ቃል ቁጥሩም ክብሩም ዳነ። ለሙያተኛ ንባብ ማዘጋጀት የሚባለው ነገር ለእኔ ያን ቀን ነው ትርጉም ያገኘው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የዓረፍተ ነገር ርዝመት ነው። አማርኛ ሰንሰለት ይወዳል። «ሸህ ይመር ከጉብታው ወርደው፣ በትራቸውን ከግድግዳው አስደግፈው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው በመሀረብ ጠቅልለው ያስቀምጣሉ።» ሲነበብ ደስ ይላል። በስክሪፕት ግን ቢያንስ አራት ምስል በአንድ ነጥብ ታስሯል፤ ዋናው ግስ ደግሞ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢው እስከ «ያስቀምጣሉ» ድረስ ምን እያየ እንደሆነ ሳያውቅ ይጓዛል። ካሜራ መጨረሻውን አይጠብቅም። የፎርማቱ አጫጭር አንቀጾች እዚህ ላይ ከየትኛውም ፎንት የበለጠ ይጠቅማሉ፤ አንድ ምስል፣ አንድ መስመር፣ ከዚያ ባዶ ቦታ። (በነገራችን ላይ «ወጡ፣ ተቀመጡ» እያለ በተረት ግስ የጀመረው ገጽ መሐል ላይ «ይወጣሉ» ይል ነበር። አንዱን መምረጥ ነው፤ እኛ «ይወጣሉ»ን መረጥን።)

በተቃራኒው ደግሞ የጉብታው ጉዞ በጠቅላላ አንድ መስመር ነበር፦ «ወደ ጉብታው ይወጣሉ።» እዚህ ላይ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አስታወስኩ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። በወረቀት ላይ «ገበሬው ሜዳውን ያቋርጣል» ቢባል ሦስት ቃል ነው። በፊልሙ ውስጥ ግን ሰውና ከብት ሜዳ ሲያቋርጡ የምናየው መሬቱ ምን ያህል ሰው እንደሚበላ እስኪገባን ድረስ ነው። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚለው ስሌት በንግግር ለተሞላ ፊልም የተሠራ ነው፤ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው አይሆንም። ሆኖም ስሌቱን ከመጣል ይልቅ ወረቀቱን ማስታጠቅ ይቻላል። ጓደኛዬ በመጨረሻ እንዲህ ጻፈው፦

እማ ዘሀራ ቆም ይላሉ። ትንፋሽ።

ከታች መንደሩ በጉም ተውጧል። የአንድ ቤት ጢስ ብቻ ይታያል።

ሸህ ይመር ወደ ኋላ ሳይዞሩ ይጠብቃሉ።

ሦስት ቃል የነበረ አይመስልም፤ ግማሽ ገጽ ደረሰ። ያነበበው ሰው ሁሉ ሽቅቡን ያውቀዋል። «ካሜራው ቀስ ብሎ ይከተላቸዋል» የሚል ነገር የትም አልተጻፈም፤ ያ የዳይሬክተሩ ሥራ ነው፣ ለውድድር በሚላክ ስክሪፕት ላይም ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ትዕይንት ርእስ ልምጣ፤ ሁለት ወሩን የበላው እሱ ነው። ውስጥ ወይስ ውጭ፣ የት፣ ቀን ወይስ ሌሊት። ሦስት ነገር ብቻ። በእኛ አነጋገር ግዴታ የሚሞላ ሣጥን በሉት፤ ባዶ ትተኸው አታልፍም። የጓደኛዬ ስክሪፕት ርእሶቹን በየሦስት ገጹ ነበር የሚያስታውሳቸው፤ በተለይ ትዝታ ሲመጣ ጭራሽ ይጠፋሉ። «እማ ዘሀራ ሰዓዳ የሄደችበትን ቀን ያስታውሳሉ። ልጅቱ ታለቅሳለች። እናትየዋ አብሽሪ ይሏታል።» (ውድድሩ ላይ ያነበበው ሰው «አብሽሪ»ን በቀይ ከቦባት ነበር። ወሎ ውስጥ ማጽናኛ ነች፤ የፊደል ግድፈት አይደለችም።)

ትዝታን በወረቀት ለማየት ከፈለጋችሁ «ጤዛ»ን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል ልዩ የዳኞች ሽልማት አግኝቷል፤ ከሱ ጋር ደግሞ የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያነሳል፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገኝ ሁለተኛው ነው። አንበርብር ከጀርመን አገር ቤት ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል፤ ማስታወስ ያቃተው ነገር አለ። ፊልሙ ከጣና ዳር መንደር ወደ ኮሎኝ፣ ከኮሎኝ ወደ ደርግ ዘመን አዲስ አበባ ይመላለሳል። አንበርብር የጠፋበት ነገር ለእኛም ተቆራርጦ ነው የሚደርሰን፤ ግን በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ የት እንዳለን እናውቃለን። ክፍል አለ፣ ብርሃን አለ፣ ሰዎች አሉ። «ያስታውሳል» የምትል ግስ ፎቶ አትነሳም። የሚነሳው ክፍሉ ነው።

ስለዚህ ጓደኛዬን ጠየቅሁት። ሰዓዳ የሄደችበት ትዕይንት፦ ውስጥ ነው ውጭ? «ደጅ» አለኝ። ደጅ ማለት አጥሩ ውስጥ ነው ወይስ መንገዱ ላይ? ዝም አለ። ቀን ነው ሌሊት? «ጠዋት መሰለኝ።» የእህቱን መሄድ መነሻ አድርጎ መቶ ገጽ የጻፈ ሰው ሰዓቱን አያውቀውም፤ ያኔ እሱ ደሴ ነበር። ያን ምሽት እናቱን ጠየቃቸው። ሌሊት ነው አሉት። ጎረቤት እንዳያይ ኩራዝ አልበራም። ልጅቱ አላለቀሰችም። እናትየውም ምንም አላሉም፤ ድምፅ እንዳይሰማ።

በስክሪፕቱ ውስጥ የነበረው ለቅሶና «አብሽሪ» በሙሉ ወጣ። በምትኩ አሁን ጨለማ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፣ የፌስታል ኮሽታ አለ፣ እናትየው ፌስታሉን በነጠላቸው ጠቅልለው ኮሽታውን ያፍኑታል። ርእሱ «ውስጥ። የእማ ዘሀራ ቤት። ሌሊት።» ይላል። ከመላው ስክሪፕት የምወደው ትዕይንት ይህ ነው፤ የመጣውም አንድ ሣጥን ባዶ መቅረት ስለሌለበት ነው።

የቀረውን ቶሎ ልበለው። የፊት ገጽ ላይ ርእስ፣ ስምና አድራሻ፤ ሥዕል አይለጠፍም። የገጽ ቁጥር ይኑር፤ የትዕይንት ቁጥር ግን ቀረጻ ሲቃረብ የሚመጣ ነው። ወረቀቱ ኤ4 ይሁን፣ የአሜሪካኑን መጠን እዚህ የሚያትም የለም። በዎርድ አትላኩ፤ ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት ከሌለ ሥራችሁ ሌላ ሥራ ሆኖ ይከፈታል። ፒዲኤፍ አድርጉት፣ ከዚያ በስልክ ከፍታችሁ እዩት፤ ብዙ አንባቢ በስልክ ነው የሚያነበው።

ወደ ውጭ ለመላክ ያሰበ ሰው ሌላ ወጪ አለበት። «ዲፍሬት» እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾች ሽልማት ሲያገኝ፣ በዓመቱ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ካን ሲገባ በሩ እንዳለ አይተናል። ከበሩ በስተጀርባ ያሉት ፈንዶች ግን ብዙዎቹ ስክሪፕቱን በእንግሊዝኛ ነው የሚጠይቁት፤ እዚያ ኩሪየሩም፣ ትልልቁ ፊደልም፣ የገጽና የደቂቃ ስሌቱም ሁሉም እንደታዘዘው ይሠራል። «እማ ዘሀራ ይገባሉ» የሚለውን ስንተረጉመው ግን አንዲት ተራ ሴት ሆና ገባች። ስሟ አጠገብ «62» ብለን ጻፍንላት፤ ሌላ ማድረግ የምንችለው አልነበረም።

አንድ መስመር ላይ እስከ መጨረሻው አልተስማማንም። ስልኩ ሳይጠራ በቀረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሽቅቡ ከመጀመሩ በፊት «ጉብታው ዛሬ ከፍ ብሏል» ይላል። ይህ እንዴት ይቀረጻል? ጉብታ አይረዝምም። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የማይታይና የማይሰማ ነገር አይጻፍም፤ እስካሁን የተከራከርኩትም ለዚሁ ነው። እሱ ደግሞ «ተዋናይዋ ታንብበው፣ እንዴት እንደምትወጣ ታውቃለች» ይላል። ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት፤ ሦስት ጊዜ መለሰው። በአራተኛው ፒዲኤፍ አድርጌ ላክሁለት።